ፊት የሚያፈካው ሻይ

ማክሱን እሑድ እሑድ የምራቷን ገላ ታጥባለች። ይህ በመንደራችን ወሬ የሆነው ነገሩ ተገላቢጦሽ ስለነበረ ነው። በእኛ ዘንድ የአማቷን ጀርባ የምታሸው ምራት ናት፤ አማት ተዘርግታ «ዝቅ በይ፣ ከፍ በይ፣ እዚያው ጋ ጠንከር» እያለች ታዛለች። ማክሱን ግን ሳምንቱን ሙሉ በመንደሩ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት የሰው ገላ ስታሽ ሰንብታ፣ በዕረፍት ቀኗ የገዛ ምራቷን ገላ ማሻው አልጋ ላይ አጋድማ ከአንገት እስከ ተረከዝ ታሻታለች። ስትጨርስም ፊቷን በአረንጓዴ ሻይ ልውስ ትቀባትና እስኪደርቅ አጠገቧ ትቀመጣለች።

«እንዲህ ያለች አማት ባገኝ እኔም እንደገና ባል አገባ ነበር» ትላለች ቹንጃ። ቹንጃ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የተቀቀለ እንቁላልና ቀዝቃዛ የሩዝ መጠጥ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አፏ አያርፍም። «የኔዋ አማት እኔን ያሸችኝ በምላሷ ብቻ ነው።»

እኛ እንስቃለን። ማክሱን አትስቅም፤ ሲያመሰግኗት ፊቷን ወደ ገንዳው ታዞራለች። ትሕትና መስሎን ነበር።

መታጠቢያ ቤታችን ከሻይ ኮረብታዎቹ ግርጌ፣ ባሕሩ ዳር ነው። ትልቁ ገንዳ ውስጥ የባሕር ውሃ ሞቆ ሻይ ይዘፈዘፍበታል፤ ከዚያ የወጣ ሰው እስከ ማግስቱ ሻይ ሻይ ይላል። ማክሱን በልጅነቷ ኮረብታው ላይ ቅጠል ስትለቅም አደገች፤ ከጎለመሰች በኋላ ወደዚህ ወርዳ ገላ አሺ ሆነች። ልውሱን የምትሠራው ራሷ ናት። ቅጠሉ በጋለ የብረት ድስት ተቆልቶ ሲያልቅ ከሥር የሚቀረውን ደቃቅ ብናኝ ታጠራቅማለች፤ በወንፊት ትነፋዋለች፤ ከሩዝ ፉርሽካና ከጥቂት ማር ጋር በለብ ያለ ውሃ ትለውሰዋለች። ፀሐይ የመታውን ፊት ያበርዳል፣ ብጉር ያከስማል፣ ያበጠ ዐይን ያሳርፋል። ከከተማ የሚመጡ ሴቶች «ያነጣል ወይ?» ብለው ሲጠይቋት ግን ትቆጣ ነበር። «ሻይ ነው፤ ኖራ አይደለም» ትላቸዋለች። «ያለሽን ቆዳ ያሳምረዋል እንጂ ሌላ ቆዳ አይሰጥሽም።»

ይህን የምታውቅ ሴት ናት እንግዲህ የገዛ ቤቷ ጉዳይ ሲሆን ዕውቀቷን አውጥታ የጣለችው።

ልጇ ቴሶክ ባሕር ላይ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። የመንደሩ ልጃገረዶች አንድ በአንድ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሶል ሲሄዱ እሱ ከጀልባው ጋር ቀረ፤ ፀጉሩም መሸሽ ጀመረ። ማክሱን ተራራው ላይ ወዳለው መቅደስ እየወጣች «ማንም ትሁን፣ ብቻ ቤቱን የምትሞላ ትምጣለት» ብላ ስትሰግድ ከረመች። መጣችለት። ሉዋ ከቬትናም፣ ንጌ አን ከሚባል አገር፣ በጋብቻ አገናኝ በኩል መጣች። ጠይም፣ ቀጭን፣ ሲያናግሯት ከመመለሷ በፊት ፈገግ የምትል ልጅ ናት። ማክሱን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አቅፋት ሳለች በልቧ ያለችው «ምነው ትንሽ ፈካ ባለች» ነበር። ሰው የሚያማርጠው ስለቱ ከደረሰለት በኋላ ነው።

ለሠርጉ ጆምሬ መጣች። ጆምሬ የማክሱን ባል ታላቅ ወንድም ሚስት ናት፤ ግዋንጁ ከተማ ትኖራለች፤ የማክሱን ባል ከሞተ በኋላም የቤተሰቡ ሴቶች ሁሉ አዛዥ እሷው ናት። ማክሱን ሙሽራ ሆና በመጣችበት ዘመን ከሻይ ማሳ ፀሐይ የወጣች ልጅ ነበረችና «ከሰል» የሚል ስም ያወጣችላት ይህችው ጆምሬ ናት። የሠርጉ ፎቶ ሲታይ ወደ ማክሱን ጠጋ ብላ «ልጅቷስ ደግ ትመስላለች፤ ግን ጥርሷ ብቻ ነው የወጣው» አለቻት።

ማክሱን ሳቀች። ኋላ ላይ እንቅልፍ የነሳት ያ ሳቅ ነው። ጆምሬ ተናገረች፤ እሷ ግን፣ ከሰል ስትባል ኖራ፣ ሳቀች።

በሚቀጥለው እሑድ ሉዋን ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰደቻት።

ሉዋ በዚያን ጊዜ ከቋንቋችን የምታውቀው «እማዬ»ን፣ «ይብሉ»ንና «ይቅርታ»ን ብቻ ነበር። ሰው ፊት ልብሷን ማውለቅ አፍራ በፎጣ ተጠቅልላ ቆመች። ማክሱን እጇን ይዛ አጋደመቻት፤ አሸቻት፤ ፊቷን ቀባቻት። ከአረንጓዴው ልውስ ሥር እንባ ሲወርድ አይታ ዐይኗ ገብቶ ነው ብላ ጠረገችላት። ሉዋ የጠረገላትን እጅ ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገችውና «እማዬ» አለች። ማክሱን ደንገጥ ብላ እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች። ለራሷም ይበጃታል፣ ሰው አይንቃትም ብላ ልቧን አጽናናች።

ዓመታት ሄዱ። ሉዋ ቋንቋውን ለመደች፤ ከሻይ ለቃሚዎቹም ፈጣኗ ሆነች። ቹንጃ እንኳ በነገር አትችላትም።

«አንቺ ልጅ፣ እንቁላሌን ሳትገዢ ወንበሬ ላይ ትቀመጫለሽ?» ትላታለች ቹንጃ።

«እትዬ ቹንጃ፣ እንቁላልዎ ከኔ በፊት ነው እዚህ መንደር የመጣው። አክብሬው ነው» ትላለች ሉዋ።

ናሪ ተወለደች፤ የእናቷን መልክ፣ የአያቷን ግትርነት ይዛ። እሑዱ ግን አልቀረም። ማክሱን አሁን ሉዋን ትወዳታለች፤ እውነቱን ለመናገር ከልጇ ይልቅ ጨዋታ ያላት ከሷ ጋር ነው። ልውሱን ስትቀባት ግን ዐይኗ አሁንም የአገጯን ሥር ከጉንጯ ጋር ያስተያያል። ፈካ ብሏል? አልፈካም? ፍቅሩም እውነት ነው፤ መመዘኑም እውነት ነው። ሁለቱ በአንድ እጅ አብረው መኖራቸው ሴትዮዋን ከውስጥ ይበላት ነበር። ሉዋ ዐይኗን ገልጣ ስታያት ዞር የምትለው ለዚህ ነው።

ናሪ ትምህርት ቤት ልትገባ በተቃረበችበት ዓመት፣ የመጀመሪያው ቅጠል በሚለቀምበት ሰሞን፣ ጆምሬ ስልክ ደወለች። የባሏ የሰማንያ ዓመት ልደት በመከር ይከበራል፤ ቤተሰቡ ሁሉ የባህል ልብስ ለብሶ ፎቶ ይነሣል።

«ለሕፃኗ ምን ዓይነት ቀለም ላሰፋላት እያልኩ ነው» አለች ጆምሬ። «ሮዝ እንዳልል ያጠቁራታል። ቢጫም ያው ነው። ያንቺ ቤት እኮ ቀለም መምረጥ እንዴት ያስቸግራል።»

«ኧረ እትዬ፣ እናቷን በየሳምንቱ እያሸኋት ነው» አለች ማክሱን፤ ለጨዋታ ያህል፣ ለመወደድ ያህል። «ቀስ በቀስ እየለቀቀ ነው። ልጅቷም ከፍ ትበል እንጂ እሷንም እጀምራታለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ናሪ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ጀልባ እየሳለች ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ቴሶክ ባሕር ላይ፣ ሉዋ ለቀማ ላይ ሳሉ፣ ማክሱን ከሥራ ስትመለስ በመታጠቢያ ክፍሉ ውሃ ሲፈስ ሰማች። ጎረቤት እንድትጠብቃት የተተወችው ናሪ ሾልካ መጥታ ኖሯል። በሩን ስትከፍት ልጅቷ ራቁቷን ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የአያቷን ሻካራ የገላ ማሻ ጓንት አጥልቃለች፤ እስከ ክርኗ ይደርስባታል። የሻዩ ብናኝ ዕቃ ተከፍቶ ግማሹ ወለሉ ላይ ፈስሷል። ግራ ክንዷን በሻይ ለቅልቃ ትፈትገዋለች። ቆዳው ተልጦ ቀልቷል፤ አንዳንድ ቦታ ደም አቅርሯል። ከንፈሯን ነክሳለች እንጂ አላለቀሰችም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያስለቀቅሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ይሄንን» ብላ ክንዷን ዘረጋችላት። «አንቺ ስታሺው ይወጣል አይደል? እድፉ ወጣ እኮ፤ እዪው፣ ወለሉ ላይ ነው። ቀለሙ ነው እምቢ ያለኝ። አያዬ፣ አንቺ እንዴት ነው የምታደርጊው?»

ማክሱን ጓንቱን አወለቀችላት። «ማነው ይወጣል ያለሽ?»

«አንቺ ነሻ። ለግዋንጁ አያት በስልክ ነገርሻት። የእማዬ እየለቀቀ ነው፤ እኔ ከፍ ስል ደግሞ የኔን ትጀምሪያለሽ። እኔ ከፍ ብያለሁ። የአውቶቡሱን መጥሪያ እደርስበታለሁ።»

እድፍን ልጆቻችን ከሕፃንነታቸው ያውቁታል። ሙቅ ውሃ ውስጥ የቆየ ገላ ሲታሽ እድፉ ግራጫ ክር እየሆነ ይረግፋል፤ እናቶች «እዪው፣ ስንት ወጣልሽ» እያሉ ያሳያሉ፤ ልጁም ይኮራበታል። ናሪ የሰማችውን ከምታውቀው ጋር ነው ያገጣጠመችው። ቀለሟ ሳይታጠብ የቆየ ነገር መሰላት። ማክሱን ክንዷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሰችላት፣ ይህን ሐሳብ ማን ልጅቷ ላይ እንዳሳደረው ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ልጅቷን አደረቀች፣ ቅባት ቀባቻት፣ በዚያ ሙቀት እጅጌ ረጅም ሹራብ አለበሰቻትና ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ «ክንድሽን እንዴት እንዳደረግሽው ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ እሺ? የኔና ያንቺ ብቻ ነው» አለቻት። ናሪ አያቷን ትወዳለች፤ ራሷን ነቀነቀች። የራሷን ኀፍረት ሕፃን እንዳሸከመች ማክሱን ወዲያው ገብቷታል። ቃሏን ግን አልመለሰችም፤ ፈራች።

የፈራችው ቴሶክን አይደለም፤ ወሬም አይደለም። ሉዋ ስታውቅ «እማዬ» ማለቷን ትተዋለች ብላ ነው። በሕይወቷ ያገኘችው መልካም ነገር ሁሉ እዚያች ቃል ውስጥ የገባ ያህል ተሰማት።

ሉዋ ባርኔጣዋን በአንገቷ አንጠልጥላ፣ ከረጢቷን ይዛ ገባች። ልጇን አየችና ሳቀች። «በዚህ ሙቀት ሹራብ? ማን ነው እንደ ሽማግሌ ያለበሰሽ?» ብላ እጅጌውን ስትሰበስበው ናሪ ትንፋሿን ሳበች። ሉዋ ክንዱን አየች።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ናሪ ወደ አያቷ ዞረች።

«ራሷ ናት» አለች ማክሱን። «በኔ ጓንት። በኔ ሻይ።»

ሉዋ ክንዱን አገላብጣ መረመረች፤ ቆይታ ግን ፊቷ ላላ። «አይ አንቺ ልጅ። አያትሽን ልትመስዪ ነው? ገላ አሺ ልትሆኚ?» ሳቅ እያለች ዐይኗን ጠረገች። «አይዞዎት እማዬ፣ አይደንግጡ። ለዚህ እናቴ የምታደርገውን አውቃለሁ።»

ከረጢቷ ውስጥ ለመቆላት የማይሆን የጎለመሰ ቅጠል ነበራት። እፍኝ ሙሉ አፈላችው፤ ለብ ሲልላት ናሪን ሳፋው ውስጥ አስቀምጣ የተላጠውን ክንድ በመዳፏ እየቀዳች ታጥበው ጀመር። ማክሱን ከበሩ ላይ ሆና ታያለች።

«እኛ አገር ሕፃን ሲወለድ በሻይ ቅጠል ውሃ ነው የሚታጠበው» አለች ሉዋ ዘወር ሳትል። «ሙቀቱ ገላውን እንዳያቆስለው። እናቴ እኔንማ ካደግሁም በኋላ ታጥበኝ ነበር። ያን የመጀመሪያ ቀን ትዝ ይልዎታል? አልቅሼ ነበር። እርስዎ ሻዩ ዐይኔ ገብቶ መሰልዎት።»

«አዎ።»

«ሽታው ነው እኮ። ቋንቋ አላውቅ፣ ሰው አላውቅ፤ ሲያጋድሙኝ በጣም ፈርቼ ነበር። ከዚያ ሻይ ሸተተኝ። እዚህም እናት አለችኝ ለካ አልኩ። ለእናቴ ደውዬ አማቴ በሻይ ታጥበኛለች ስላት እሷም አለቀሰች። እስከ ዛሬ በየበዓሉ ትመርቅዎታለች።»

ማክሱን የበሩን መቃን ያዘች። ያላደረገችው ደግነት ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ የማታውቃት ሴት ስትመርቃት ኖራለች።

ናሪ ሳፋው ውስጥ ሆና ታዳምጥ ነበር። ስለ ክንዷ እንዳትናገር ቃል ገብታለች። ስለ እናቷ ግን ምንም አልተባለችም።

«እማዬ፣ አንቺ መቼ ነው የምትጨርሺው?»

«ምኑን የኔ ልጅ?»

«መንጣቱን። አያዬ ስታሽሽ የሚለቀውን።»

የሉዋ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ። ቀስ ብላ ዞረች። «ምንድን ነው የምትለው እማዬ?»

እዚህ ላይ መውጫ ነበረ። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ተብሎ ይሳቅና ያልፋል። ሉዋም ለመሳቅ ዝግጁ ነበረች፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ማክሱን አፏን ከፍታ «ልጅ እኮ...» አለች። ከዚያ የናሪን ክንድ አየች።

«እውነቷን ነው» አለች። «እንድትነጪ ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ያን ዕለትም?»

«ያን ዕለትም። በጆምሬ ፊት አፍሬብሽ ነበር። ሕፃኗ በስልክ ስናገር ሰምታኝ ነው ክንዷን እንዲህ ያደረገችው። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ያልኳትም እኔ ነኝ።»

ሉዋ አልጮኸችም፤ ማክሱን ብትጮህባት ትመርጥ ነበር። ሉዋ በመዳፏ ቀድታ ክንዱን ማጠቧን ቀጠለች፤ ለልጇም በአገሯ ቋንቋ የሆነ ነገር ነገረቻት። በዚያ ቤት ያን ቋንቋ በአማቷ ፊት ተናግራበት አታውቅም። ናሪ እየሰማች ራሷን ነቀነቀች። ማክሱን አንዲት ቃል አልገባትም።

ራት እንደ ወትሮው ቀረበ፤ ሩዝ፣ ኪምቺ የሚባለው በበርበሬ የኮመጠጠ ጎመን፣ የባሕር ቅጠል ሾርባ። ሉዋ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ አጎንብሳ ሰጠቻት።

«የናሪ አያት፣ ይብሉ» አለች።

ቴሶክ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ፤ እናቱን አየ፤ ተመልሶ ሾርባው ላይ አቀረቀረ። አጠራሩ ነውር የለበትም፤ ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠራት እንደዚሁ ነው። ማክሱንን ያቃጠላትም ይኸው ነው፤ ለምራቷ ጎረቤት ሆነች።

እሑድ መጣ፤ ሉዋ ግን ወደ መታጠቢያ ቤት አልወረደችም። የሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ አለፈ። ቤት ውስጥ የጎደለ ነገር የለም። የማክሱን ልብስ ታጥቦ ይታጠፋል፤ የጉልበቷ መድኃኒት በሰዓቱ ከውሃ ጋር ይቀርብላታል። «የናሪ አያት፣ ጫማዎን ፀሐይ ላይ አድርጌዋለሁ።» ልጆች ለወላጆቻቸው አበባ በሚሰኩበት በወላጆች ቀንም ሉዋ ቀዩን አበባ ደረቷ ላይ በጥንቃቄ ሰካችላትና ወደ ኋላ ሄዳ ሰገደች። ማክሱን አበባውን ቀኑን ሙሉ አድርጋው ዋለች፤ የማይገባኝ ነው ብላ ብታወልቀው ደግሞ ሌላ ጥፋት ሊሆንባት ነው።

ልውሱን መሥራት ተወች። ደንበኞች ሲጠይቋት «ብናኙ አልቋል» ትላለች። በለቀማ ሰሞን የሻይ ብናኝ አለቀ የሚል ሰው እኛ መንደር ሰምተን አናውቅም።

ቹንጃ አንድ ቀን እንቁላል እየላጠች «ምራትሽን ምን በላት?» አለቻት። ማክሱን ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። እንድትሰድባት ነበር የፈለገችው።

ቹንጃ እንቁላሉን ጨው ነክታ ሰጠቻት። «ታዲያ ይሄ ምን ጥፋት አለው? እንዲያምርባት ብለሽ ነው። ስንቷ አማት ምራቷን በነገር ስትቀቅላት፣ አንቺ በማር ቀባሻት።»

«አልሰማሽኝም እንዴ? ሕፃኗ ደም እስኪወጣት ፈትጋለች።»

«የልጅ ገላ አይደል፤ ይድናል። ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ ብዪው።»

ማክሱን እንቁላሉን ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። በመንደሩ ጥፋቷን ጥፋት ብሎ የሚቆጥርላት ሰው እንደሌለ ያን ቀን አወቀች። እኛስ ብንሆን ፀሐይ እንዳያጠቁረን ፊታችንን በፎጣ ጠቅልለን ሻይ የምንለቅም ሴቶች ነን፤ ምን አፍ አለንና እንፈርድባታለን።

ጆምሬ ስለ ልብሱ ደግማ ደወለች። ማክሱን ሳትጨርስ አቋረጠቻት፤ ይህን በሕይወቷ አድርጋ አታውቅም። «እትዬ፣ የልጅቷ ቀለም እድፍ አይደለም። ከእንግዲህ እንዲህ እያልን አንሳቅ።»

«እኔ መቼ እድፍ ነው አልኩ?» አለች ጆምሬ። «ታሽቶ ይለቃል ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ይሄም እውነት ነበር። ማክሱን ስልኩን ዘግታ እዚያው ተቀመጠች። ጥፋቱን የምታካፍለው ሰው እንኳ አጣች።

የናሪ ክንድ ዳነ። ቅርፊቱ ሲረግፍ ከሥሩ የወጣው ቆዳ ያው የቀድሞው ቀለም ነበር። ልጅቷ ወደ አያቷ መጥታ ክንዷን አሳየቻት።

«አያዬ፣ ተመልሶ መጣ።»

«የትም አልሄደም እኮ የኔ ልጅ። የራስሽ ነው። እድፍ አይደለም፤ አይለቅም። ይለቃል ያልኩት ውሸቴን ነው።»

«ለምን ዋሸሽ?»

ማክሱን አሰበች። «የግዋንጁ አያትሽ እንድትወደኝ ብዬ።»

«ወደደችሽ?»

«አልወደደችኝም።»

ሉዋ ከጀርባቸው ጓዳ ውስጥ ሳህን ታጥብ ነበር። ውሃው መፍሰሱን አቆመ፤ ቆይቶ እንደገና ፈሰሰ። ማክሱን ዞራ አላየችም።

በእሑዱ ሉዋ ናሪን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ያለነው ሁሉ ዞር አልን፤ ቹንጃ እንኳ የምትልጠውን እንቁላል አስቀመጠች። ማክሱን እንደ ልማዷ ማሻው አልጋ አጠገብ ቆማ ነበር። ሉዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠቻትና አልፋት ሄዳ ከግድግዳው ሥር፣ መስታወቱ ፊት ካሉት በርጩማዎች በአንዱ ላይ ተቀመጠች። ናሪን በለስላሳ ጨርቅ አጠበቻት፤ ገንዳው ውስጥ ሰደደቻት። ቀጥላ የራሷን ፊት፣ ክንድና እግር ታጠበች። ጀርባዋ ቀረ።

ጀርባውን ብቻውን የሚታጠብ ሰው የለም፤ እጅ አይደርስም። በእኛ መታጠቢያ ቤት የማያውቁትን ሰው እንኳ «ጀርባዬን እባክሽ» ይሉታል፤ እምቢ አይባልም። ሉዋ ማንንም አልጠየቀችም። ጨርቁን በትከሻዋ አሳልፋ ከላይም ከታችም እየሳበች ትታገል ጀመር። ከመካከላችን አንዷ ልትነሣ ነበር፤ ተከትላ የገባችው ቹንጃ ጉልበቷን ይዛ አስቀመጠቻት።

ማክሱን መጣች። እስከዚያ ቀን ድረስ ምራቷን ጠይቃት አታውቅም፤ እጇን ይዛ ታጋድማት ነበር እንጂ። ትንሽ ሲቀራት ቆመች።

«ጀርባሽን ልጠብልሽ?»

መስታወቱ በእንፋሎት ደብዝዞ ነበር። ሉዋ በመዳፏ ጠረገችውና በውስጡ አማቷን አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት።

«ጀርባዬን ብቻ» አለች። «ፊቴን ከእንግዲህ አይንኩብኝ።»

«እሺ» አለች ማክሱን።

ጓንቱን አላጠለቀችም። ከኋላዋ ተንበርክካ በባዶ እጇና በሳሙና ታጥባት ጀመር። ስንት ዓመት ያሸችው ጀርባ ነው። ዐይኗ ግን ያን ቀን እንኳ ልማዱን አልተወም፤ ከአንገቷ ወደ ትከሻዋ ወረደና ፈካ ብሏል ወይ ብሎ ጠየቀ። ማክሱን ዐይኗን ጨፍና ማጠቧን ቀጠለች።